የሠላሳ ፔሶ ነቢይ

በፓናይ ደሴት ላይ ስለ ቅርጫት ኳስ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አለ ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። ምናልባት የነገራችሁ ክሪሳንቶ ይሆናል፤ ከሆነም ስለ ራሱ ነው ያወራላችሁ። ክሪሳንቶን አውቀዋለሁ። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት አበልጄ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሳይሸነፍ የወጣበት ውርርድ እስካሁን አልታየም።

እኔ ቴዮፊሎ ነኝ። የታላባ ቀበሌ ሰው «ፒሎ» ይለኛል። ዞር ስል ደግሞ «ነቢዩ» ይሉኛል። ይህን ሲሉ አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ የሚስቁት ከአክብሮት ብዛት ነው። እንጀራዬ ትራይሲክል ነው፤ ሞተር ብስክሌት ከነጎን ጋሪው። አንድ ጊዜ አሥራ አራት ሰው፣ ሁለት አሳማና ባለ ሦስት ፎቅ የሰርግ ኬክ ጭኜ የካማንሲን ዳገት ወጥቻለሁ። ኬኩ ላይ አንዲት አበባ አልተነቀነቀችም። አሳማዎቹም ቢሆኑ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል።

ጥሪዬ ግን ትንቢት ነው። አሜሪካኖቹ በእነሱ ማታ ሲጫወቱ በእኛ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ተማሪዎቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ባቾይ ቤት እገባለሁ፤ የባቾይ ሾርባዬን ከኑድሉ ጋር እየማግሁ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ ማን እንደሚያሸንፍ፣ በስንት እንደሚያሸንፍ፣ ማን ቁርጭምጭሚቱ እንደሚታጠፍ እናገራለሁ። የሾርባ ቤቷ ባለቤት አንድ ቀን በትንቢቴ ተደንቃ ሁለተኛ ሳህን በነጻ ሰጥታኛለች። ሚስቴ ሚላ ግን «አፍህ እንዲያዝላት ነው» ትላለች።

እንግዲህ ስለ ሚላ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

በእኛ አገር ከቅዱስ ኢሲድሮ ንግሥ በፊት ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ የቀበሌዎች ውድድር አለ። የዋንጫው ጨዋታ የሚደረገው በንግሡ ቀን፣ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ቀን በራስህ ቀበሌ ላይ አለማስያዝ ማለት እናትህን ገበያ ውስጥ አይተህ ሰላም ሳትል እንደማለፍ ነው። ባለፈው ዓመት ታላባና ካማንሲ ለዋንጫ ደረሱ። እኔም ስምንት ሺህ ፔሶ ታላባ ላይ አስያዝኩ። ስምንት ሺው ሚላ የሙዝ ጥብስ እየሸጠች ለበረዶ ማቀዝቀዣ መግዣ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ነጥብ ተሸነፍን። ሃያ እንዳልሞላ ልብ በሉልኝ።

ሚላ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸቷን ለምጄዋለሁ። ዝም ብላ በሳምንቱ ኢሎኢሎ ከተማ ሄደች፣ ሆንግ ኮንግ ለቤት ሠራተኝነት ተመዘገበችና ተመለሰች። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ምንም አላለችም። እኔም ረሳችው ብዬ ደመደምኩ። ትንቢት የሚሠራው ለኳስ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ዘንድሮ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ጠረጴዛው ላይ የጫማ ካርቶንና የልጆቹን ደብተር አስቀምጣ ጠራችኝ።

«ና ቁጭ በል፣ ነቢዩ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ገና አፌን ሳልከፍት? ቁጭ በል ባክህ።»

ካርቶኑን ከፈተችው። ልብሴን የምታጥበው እሷ ናት፤ ለካ ዓመቱን ሙሉ ከሱሪዬ ኪስ የሚወጣውን የውርርድ ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ስታስቀምጥ ኖራለች። አንዳንዱ በሳሙና ነጥቷል። ሁሉንም ደብተሩ ላይ ገልብጣዋለች።

«ይኸውልህ» አለች። «በማታውቃቸው አሜሪካኖች ላይ ስታስይዝ ከሁለት አንዱን ታገኛለህ። አትከስርም፣ አታተርፍም፣ ሾርባህን ጠጥተህ ትወጣለህ። ታላባ ላይ ስታስይዝ ግን...» ገጹን ገለበጠችው። «አሥራ አንድ ጊዜ አስይዘህ ዘጠኙን ተበልተሃል። ያውም አራት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ እያደረግክ።»

«ሁለቱን ግን...»

«ፒሎ፣ ኳስ ታውቃለህ። አልክድህም።» ይህንን ቃል ምስክር ባለበት እንድትደግምልኝ ብዙ ጊዜ ለምኛታለሁ፤ እምቢ ብላለች። «ታላባ ሲሆን ግን ዓይንህ ይጠፋል። የምትወደውን ነው እንጂ የሚሆነውን አታይም።»

ከደብተሩ ሥር አንድ ፖስታ አወጣች። የሆንግ ኮንጉ ሥራ ውል መጥቷል። በረራው ከንግሡ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው፤ ሁለት ዓመት።

ትንሿ ልጃችን ሊጋያ ስድስት ዓመቷ ነው። የእናቷን ጆሮ ሳትይዝ እንቅልፍ አይወስዳትም። የኔን ጆሮ ሞክራ አልተመቻትም፤ ፀጉር አለው አለች። ፖስታውን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው፤ ያ ጆሮ ባሕር ማዶ ሲሄድ።

«መሄዱን አልፈልገውም» አለች ሚላ። «ግን እኔ የማጠራቅመውን አንተ የምትበትን ከሆነ እዚህ ምን እሠራለሁ? ከሄድኩም ብሩን የምልከው ለእህቴ ነው፤ ላንተ አይደለም።»

«እሺ፣ ቁማር በቃኝ! ከዛሬ ጀምሮ...»

«ተው አላልኩህም። ተው ብልህ ትዋሸኛለህ፤ ከዚያ ውሸትህንም እንደ ልብስህ ማጠብ ሊኖርብኝ ነው።» ተነስታ ቁምሳጥን ላይ ያለችውን የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። በእኛ አገር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ብስኩት አይገኝም፤ መርፌ፣ ክርና ቁልፍ ነው ያለው። ቁልፎቹን ሁሉ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጠችና ባዶዋን ቆርቆሮ ፊቴ አኖረቻት። ክዳኗ ላይ በጥቁር ቀለም ጽፋበታለች፤ በዚያ በሚያምረው የትምህርት ቤት እጅ ጽሑፏ።

ሰኞ ሰኞ መቶ ሃምሳ ፔሶ ቆርቆሮዋ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በላይ የለም። አንድ ውርርድ ሠላሳ ፔሶ ነው፤ ብታሸንፍም ሠላሳ፣ ብትበላም ሠላሳ። ካለቀ እስከ ሰኞ አልቋል፣ ብድር የለም። ያሸነፍከው ግማሹ ለቤት ነው። የኮኮነት ጠጅ ቀምሰህ አታስይዝም። ከሁሉ በታች ደግሞ ሁለት ጊዜ አስምራበት፦ ታላባ ላይ በፍጹም።

«ዘጠኝ ሳምንት» አለች። «ቆርቆሮዋን ከጠበቅካት አልሄድም። አንድ ጊዜ ብቻ ከጣስካት ማክሰኞ እሳፈራለሁ።»

«ዘጠኝ ሳምንት ለኔ ምን አላት! ዘጠኝ ዓመት በይኝ!»

በሦስተኛው ቀን ልሞት ደርሼ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ሰኞ አሸነፍኩ፣ ማክሰኞ አሸነፍኩ። ረቡዕ በዚህ ዓይነት ዘጠና ባስይዝ ብዬ እጄን ወደ ቆርቆሮዋ ስሰድ ክዳኑ አየኝ። እውነቴን ነው፤ ጽሑፉ ያያል። ሠላሳ አስይዤ ጥርሴን ነከስኩ። ያን ቀን ተበላሁ፤ ዘጠና ቢሆን ኖሮ የሁለቱን ቀን ትርፍ ጠራርጎ ይሄድ ነበር። ይህን ግን ለሚላ አልነገርኳትም፤ ሰው ሁሉን ነገር ለሚስቱ አይናገርም።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀትር ሳይሆን ቆርቆሮዋ ባዶ ሆነች። አምስት ውርርድ፣ አምስቱንም ተበላሁ። እስከ ሰኞ ስድስት ቀን አለ። ተራ የምንጠብቅበት ማንጎ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ክሪሳንቶ መጣ።

«ምነው አበልጄ፣ አስከሬን መስለሃል።»

«አልቆብኛል።»

«ይኸው ሃምሳ ልስጥህ፣ ሰኞ ትመልሳለህ።»

«አይቻልም። ብድር ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«ክዳኑ።»

«ክዳኑ?» ክሪሳንቶ ከሞተሩ ላይ ተንከባሎ እስኪወድቅ ሳቀ። «ሰዎች! ኑ ስሙ! ነቢዩ በቆርቆሮ ክዳን ነው የሚተዳደረው! ነገ ደግሞ ድስቱን ጠይቆ ነው የሚገባው የሚወጣው!»

የማንጎው ሥር ሾፌር ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን በዚያ ሳምንት አንድ የማላውቀውን ነገር አየሁ። ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳላስይዝ ባቾይ ቤት ገብቼ ጨዋታ ተመለከትኩ፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው። አንድ አጭር ልጅ ኳሷን ከጀርባው በኩል፣ ሳያይ፣ ለጓደኛው አቀበላት። ዘልዬ ተነሳሁ፣ ሾርባዬ ፈሰሰ። ማን እንደመራ እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ ጨዋታው ራሱ ያምራል! ይህንን በዓለም ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስምንት ሳምንት ሞላ። ታላባና ካማንሲ ዘንድሮም ለዋንጫ ደረሱ። ንግሡ ቅዳሜ ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚላ አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ስድስት ሺህ ፔሶ ነው፤ የሙዝ ጥብሷና ከቆርቆሮዋ የወጣው የቤት ድርሻ። ጎረቤት ከተማ ካለው የዕቃ መደብር ሄጄ የማቀዝቀዣውን ቅድሚያ ክፍያ እንድከፍል ነው። ሳታመነታ ነው የሰጠችኝ።

ሄድኩ። መደብሩ ለንግሡ ተዘግቷል። ከነፖስታው ተመለስኩ።

ሜዳው ላይ ስደርስ ሌላ ጣጣ ይጠብቀኛል። የእኛ ሜዳ ጠዋት ጠዋት የሩዝ ማስጫ ነው፤ ሲሚንቶው ቶሎ ስለሚግል ገበሬው ሁሉ እዚያ ያሰጣል። የዚያን ቀን የተሰጣው የሊቀመንበሩ ሩዝ ነበርና ማን ደፍሮ ቶሎ አንሱ ይበል! ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው ከረጢት ውስጥ መግባት የጀመረው። ሜዳውን የሚጠርግ ሰው ተፈለገ።

«ለእኔ ተዉት!» አልኩ። መጥረጊያ እንደኔ የሚይዝ ሰው በዚህ ደሴት የለም። በጸሎት ቤቱ በኩል ያለውን ግማሽ እንደ መስተዋት አደረግኩት። ከዚያ በባሕሩ በኩል ካለው ቅርጫት ሥር ጀመርኩ። አጋምሼው ሳለሁ የካማንሲው ሾፌር ኤርሞ ሞተሩን አቆመና ከነሰዎቹ መጣ። ኤርሞ ከኔ አሥር ዓመት ያንሳል፤ ምላሱ ግን ከኔ አሥር ዓመት ይበልጣል። በእኛ ደንብ ታላቅ ወንድን ማኖንግ፣ ታላቅ ሴትን ማናንግ ነው የምንለውና እሱም ማኖንግ ይለኛል፤ ከስድቡ በፊት።

«ማኖንግ ፒሎ! ነቢዩ መጥረጊያ ያዘ እንዴ? አምና ስምንት ሺህ ጠርገህ ሰጠኸን፣ ዘንድሮ ደግሞ ሜዳውን?»

«አምና አዝኜላችሁ ነው፤ ያጣችሁ ትመስሉ ነበር።»

«እንግዲያው ዘንድሮም እዘንልና! ስማ፣ አንድ ካስያዝክ ሁለት አስይዝልሃለሁ። ሁለት ለአንድ! የካማንሲ ሰው እንዲህ ነው ቀበሌውን የሚያምን።»

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። አትፍረዱብኝ። የካማንሲው ረጅም ሰውዬ፣ የቅርጫቱን ሥር የሚጠብቀው፣ በዚያው ጠዋት የተሳፈረው እኔ ጋሪ ውስጥ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ፓፓያ አብጧል፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንደዚያ ሆኖ መዝለል አይችልም። ካልዘለለ ታላባ ያሸንፋል። ይህ ትንቢት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ስድስት ሺህ ካስያዝኩ አሥራ ሁለት ሺህ አገኛለሁ። ቅድሚያ ክፍያ ብሎ ነገር የለም፤ ማቀዝቀዣው በጥሬ ገንዘብ፣ ባለ ሁለት በሩ!

ክሪሳንቶ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ስለ ቁርጭምጭሚቱ ነግሬዋለሁ፤ ለአበልጅ የማይነገር ምን አለ?

«አራት ሺህ፣ ታላባ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ፣ የጎማህ ብር እኮ ነው!» አልኩት።

«ማታ አራት ጎማ እገዛበታለሁ። ትራይሲክሌ ሦስት እግር ብቻ መሆኗ ነው የሚያሳዝነኝ። አንተስ? አስይዝ እንጂ! አንተ ነህ የነገርከኝ!»

«ነቢዩ ምን ይላል?» አለ ኤርሞ። ሰው ከበበን። ሦስት ሺህ ሰው ይሆናል፤ ቀበሌያችን ውስጥ የሚኖረው ስምንት መቶ ቢሆንም።

እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ፖስታውን ይዟል። መቼ እንደገባ አላውቅም። ቀና ስል ሚላን አየኋት። ሜዳው ዳር መጥበሻዋን ጥዳ ሙዝ ትጠብሳለች። አይታኛለች፤ እጄ የት እንደገባ አይታለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ዘይቱ መልሳ አንዱን ሙዝ ገለበጠችው፤ ቀጥላ ሁለተኛውን። የማክሰኞዋን ሻንጣ በዓይኔ አየኋት፤ ያችን ሰማያዊ፣ ዚፗ የተበላሸውን፣ ከአልጋችን ሥር ያለችውን። ክዳኑ ላይ ያለው ሁለቴ የተሰመረበት ጽሑፍም ታየኝ። አስተውሉ፤ እዚያ ላይ «ካላወቅክ አታስይዝ» አይልም። «ታላባ ላይ በፍጹም» ነው የሚለው። እርግጠኛ በሆንኩበት ቀን ደግሞ በተለይ። አምናም እርግጠኛ ነበርኩ እኮ።

ሰውን ገፋ ገፋ አድርጌ ወደ መጥበሻው ሄድኩ። ያ መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን ከታላባ እስከ ሆንግ ኮንግ የሄድኩ ያህል ነው የደከመኝ።

«መደብሩ ዝግ ነው» አልኳት። «ለንግሡ።»

«እና?»

«ይህን ያዢልኝ። ኪሴ ውስጥ እንደ ጉንዳን እየነከሰኝ ነው።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ፖስታውን ተቀበለችኝና ከደረቷ ከተተችው። አልቆጠረችውም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ የሰጠኋትን ገንዘብ ሳትቆጥር ስትቀበል ያ የመጀመሪያው ነው።

ከኋላዬ ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ። «ቦርሳው ሚስቱ ናት!» «ለነቢዩ ሽርጥ ግዙለት!» ኤርሞማ ሆዱን ይዞ፣ «ማኖንግ፣ ለመተንፈስም አስፈቅድ!» ይላል። እኔም ዞሬ፣ «እናንተ የምትስቁት ቦርሳም ሚስትም ስለሌላችሁ ነው!» አልኳቸው። ይህን መልስ በዚያው ቅጽበት ያገኘሁት ይመስላችኋል፤ እውነቱን ለመናገር በማግስቱ ነው የመጣልኝ።

ከጋሪዬ ቆርቆሮዋን አወጣሁ። ውስጧ የሳምንቱ የመጨረሻ ሠላሳ ፔሶ አለ። ባለ ሱቋ ማናንግ ሶሌ በካርቶን ላይ መቶ ሳጥን አስምራ አንዱን በሠላሳ ፔሶ ትሸጣለች፤ እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት አሃዝ አለው፣ አንዱ የታላባ፣ አንዱ የካማንሲ። የጨዋታው ውጤት በእነዚያ አሃዞች ካለቀ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ፔሶ ትወስዳለህ፤ የቀረው የሶሌ ነው። ወደ ሚላ ጮህኩ፦

«ይሄ ታላባ ላይ ማስያዝ ነው እንዴ?»

አሰበችበት። «ቁጥር ላይ ነው። ይሁን። ግን ስትበላ አታልቅስ።»

ዘጠኝ ለታላባ፣ ስምንት ለካማንሲ ብዬ ገዛሁ።

ጨዋታውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! እንደ ተናገርኩት ረጅሙ ሰውዬ አልዘለለም። አንድም ጊዜ። ግን ሌሎቹ የካማንሲ ልጆች ከሩቅ ሲወረውሩ ኳሷ ቤቷን የምታውቅ ዶሮ ሆነችባቸው፤ ራሷ ትገባለች። አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ሲቀር ካማንሲ ሰባ ስምንት፣ ታላባ ሰባ ሰባት። ኳሷ በእነሱ እጅ ናት። ያኔ የእኛው ፍሬዶ፣ ጠዋት ዓሣ የሚያወርደው ልጅ፣ ኳሷን ነጠቃቸው። ብቻውን! ከፊቱ ማንም የለም! በባሕሩ በኩል ወዳለው ቅርጫት እየበረረ ነው። ካገባት ሰባ ዘጠኝ ለሰባ ስምንት ነው፤ ዘጠኝና ስምንት፣ የኔ ሳጥን! ክሪሳንቶ አንገቴን አንቆ ያለቅሳል። ፍሬዶ ግራ እግሩን ተከለ፣ ሊዘል...

እግሩ አንሸራተተው። ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ነክታ ተመለሰች። ፊሽካ።

ታላባ በሙሉ ወደ ፍሬዶ አየ። መሬቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ሲበተን ቀስ ብዬ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። እዚያ፣ ኤርሞ ሲሰድበኝ መጥረጊያው የወደቀበት ቦታ ላይ፣ ጥቂት ፍሬ ሩዝ ተበትኗል። አንዷ ተጨፍልቃለች። አነሳኋት።

ይህን ለክሪሳንቶ እንዳትነግሩብኝ።

እዩት እንግዲህ። የሰውየውን ቁርጭምጭሚት አውቄያለሁ፤ የፍሬዶን እግር አውቄያለሁ፤ ቁጥሩን እንኳ አውቄያለሁ። ያችን ፍሬ ግን አላወቅኋትም፤ ያውም የተውኳት እኔው ነኝ። ስድስት ሺው እዚያ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ከንግሡ በኋላ ያለው ማክሰኞ፣ ከአንዲት ፍሬ ሩዝ የተነሳ...

ሚላ መጥበሻዋን ስታጥብ ደረስኩ።

«ተበላህ?» አለችኝ።

«ሠላሳ ፔሶ። በዓለም ላይ ከተበሉት ሠላሳ ፔሶዎች ሁሉ የሚያመው።»

«ቆርቆሮዋን አምጣት።»

ሰጠኋት። ውስጧን አየች፤ ባዶ። ክዳኗን ገጠመችና መለሰችልኝ።

«ሰኞ መቶ ሃምሳህን አስገባልሃለሁ» አለች። «ረቡዕ መደብሩ ሲከፈት አብረን እንሄዳለን። አንተ ብቻህን ከሄድክ ባለ ሁለት በሩን ነው የምታየው።»

ሰኞ አለች፤ ረቡዕ አለች። መሃል ላይ ያለችውን ማክሰኞ አላነሳቻትም። እኔም አላነሳኋትም። መጥበሻውን ተሸክሜ ተከተልኳት፤ በዚያች ሰዓት መቶ ኪሎ ብረት ቢሆንም በአንድ ጣቴ እሸከመው ነበር።

ክሪሳንቶ ሁለት ቀን አልታየም። ሰኞ ጠዋት መለዋወጫ ጎማዬን ይዤለት ሄድኩ።

«በነጻ?» አለኝ በጥርጣሬ። «አንተ? ለኔ?»

«አበልጄ አይደለህ?» አልኩት። ሌላ ምክንያት እንዳለኝ እናንተ ታውቃላችሁ።

ጎማውን ሲያስር ቆየና ቀና ሳይል፣ «ያቺ ክዳን... ሚላ ለሌላ ሰውም ትጽፋለች?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ ቤታችን መጣ። ሚላና ሚስቱ ቁጭ ብለው ገቢውን ጠየቁት፤ የሱን ሳምንት መቶ አደረጉት፣ አንድ ውርርድ ሃያ። ሊከራከር ሲል ሚስቱ ጣሳዋን ልትወስድበት እጇን ዘረጋች፤ ጣሳዋን አቅፎ «ይሁን» አለ። አሁን ማንጎው ሥር ብትመጡ ሦስት መቶ ቆርቆሮ ታያላችሁ። እሺ፣ አምስት። ስድስተኛው የኤርሞ ነው፤ ከዳገቱ ማዶ ደብቆ ነው የሚይዘው፤ እኔ ነኝ የነገርኳችሁ እንዳትሉ።

ትናንት ክሪሳንቶ ውሃ ሊጠጣ ገባና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ጠየቀኝ፦

«እውነቱን ንገረኝ አበልጄ። በዚያ ቀን እንደምንሸነፍ በምን አወቅክ?»

ደረቴን ነፋሁ። የሩዟ ፍሬ ክዳኑ ውስጥ በፕላስተር ተለጥፋ ከጎኔ ተቀምጣለች።

«ነቢይ ነኝ ብዬህ አልነበር?»

«ነቢዩ!» አለች ሚላ ከጓዳ። «ማቀዝቀዣው በረዶ ሠርቷል፣ ና አውጣልኝ! ሊጋያ፣ ጆሮዬን ልቀቂ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»